ጉንዳን፣ ገብረ ጉንዳን፣ ምስጥ፦ በነፍሳት ስሞች አፈታት ላይ የቀረበ ሂስ

የእንስሳትን ስም መፍታት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሥራዎቹ ሁሉ ቀላሉ መስሎ ይታያል። ስሙ የታወቀ ነው፤ እንስሳውም በየደጁ ይገኛል። ስለዚህ አዘጋጁ «ፍትሕ»ንና «ነጻነት»ን በመሰሉ ረቂቅ ቃላት ላይ ብዙ ቀን ሲደክም፣ በ«ጉንዳን» ላይ ግን አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያች አንድ መስመር ምን ያህል ስሕተት ልትሸከም እንደምትችል ማሳየትና በነፍሳት ስሞች አፈታት ረገድ ሊሠራበት የሚገባውን መመዘኛ ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በሰሜኑ የአገራችን ደጋ የሚገኝ፣ በመጻሕፍት እምብዛም የማይወሳ አንድ የጉንዳን ዝርያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መገለጽ አለበት። ሂሱ የተሰነዘረው በልማድ ላይ እንጂ በአንድ መጽሐፍ ላይ አይደለም። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መዝገበ ቃላት ለአማርኛ የዋሉት ውለታ የሚካድ አይደለም። የሚተቸው፣ እንስሳን በመጠኑና በጠባዩ ብቻ መፍታት በቂ ነው የሚለው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ አስተሳሰብ ነው።

ሀ. ስሙና አገሩ

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል ለጥያቄያችን የተመቸ መፈተኛ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም በ2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለውና ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለው የደንቆሮ ደን ከ3500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በስተምዕራብ ደግሞ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አንድ ቋንቋ የሚናገርና በአንድ ገበያ የሚገናኝ ሕዝብ ውርጩንም፣ ደጋውንም፣ ቆላውንም በአጭር ርቀት ውስጥ ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ ለሥነ ቃላት ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያመለክተው ፍጡር እንደ ከፍታው ሊለያይ ስለሚችል ነው። ምስጥ ሙቀት ይወዳል፤ ኩይሳውን የሚክበው በቆላና በወይና ደጋ እንጂ በውርጭ አይደለም። ለቆላው ገበሬ «ምስጥ» የጎተራውን ምሰሶ የሚቦረቡር የዕለት ባላጋራው ነው፤ በውርጩ አፋፍ ለሚኖረው ግን ይልቁን በወሬ የሚያውቀው ስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰዎች በገበያ ተገናኝተው ቃሉን ሲለዋወጡት የሚግባቡ ይመስላሉ። መዝገበ ቃላቱም «ትንሽ፣ በመንጋ የሚኖር፣ መሬት ውስጥ የሚገባ» ብሎ ከፈታው ሁለቱንም ያስደስታል፤ ዳሩ ግን ይህ ፍቺ ለጉንዳንም ለምስጥም እኩል ይሠራልና አንዱን ከሌላው አይለይም። መለየት ያልቻለ ፍቺ ደግሞ ፍቺ ሊባል አይገባውም።

«ጉንዳን» የሚለው ቃል ራሱ በተናጋሪው ዘንድ ሁለት ስፋት አለው። በጠባቡ ሲታይ በሰልፍ የሚተምመውን፣ ሲነክስ የማይለቀውን ትልቁን ዓይነት ይመለከታል፤ በሰፊው ሲታይ ግን የወገኑ ሁሉ ስም ነው። በጠባቡ ሲነገር ትንሹ ዓይነት «ገብረ ጉንዳን» ተብሎ ይለያል። ይህ ጥምር በግእዝ የዘርፍ ሕግ የተሠራ ስለሆነ ቃል በቃል ሲፈታ «የጉንዳን አገልጋይ» ማለት ነው፤ ትንሹን ለትልቁ አገልጋይ ማድረጉ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ታካቹ ሰው ሄዶ እንዲማርበት የታዘዘበትን ፍጡር «ገብረ ጉንዳን» ማለቱ የሚደነቅ ምርጫ ነው። «ጉንዳን» ብሎ ቢተወው ኖሮ የብዙ አንባቢ ሐሳብ ቀለብ ወደሚሰበስበው ሳይሆን ወደሚነክሰው ይሄድ ነበር። እነዚሁ ተርጓሚዎች በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 1 ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን ለያይተው ማሰለፋቸውም ቋንቋው ለነፍሳት ያለውን ሀብት ማወቃቸውን ያስረዳል። ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠበቀው ይህን ልዩነት ማጽናት ነው፤ «ጉንዳን» ሁለት ተራ ቁጥር፣ «ገብረ ጉንዳን» ደግሞ የራሱ መግቢያ ሊኖራቸው ይገባል።

ለ. አካሉ

እንግዲህ ምሳሌያችንን እንመልከት። ካርሎ ኤሜሪ የተባሉት ጣልያናዊ ሊቅ በ1897 እ.ኤ.አ. የሰየሙት ጉንዳን ዛሬ «ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ» ተብሎ ይጠራል። ለረዥም ዘመን ከስሙ በቀር ብዙ ሳይነገርለት ቆይቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ማግዳሌና ሶርገር፣ ዋረን ቡዝ፣ ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ ሜግ ሎውማንና ማርክ ሞፌት ባወጡት ጥናት ጎልቶ ታየ። ጥናቱ የተካሄደው ከደቡብ ወሎ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በደቡብ ጎንደር በሚገኘው በገላውዴዎስ ቤተ ክርስቲያን ደንና በአካባቢው ነው። በአንድ ኅብረት የተሳሰሩት የዚህ ጉንዳን ጎጆዎች እስከ 38 ኪሎ ሜትር ድረስ ተዘርግተው መገኘታቸው ተመዝግቧል። ይህን የመሰለ መስፋፋት በዓለም የሚታወቀው ይበልጡን ከባሕር ማዶ መጥተው አገር በወረሩ ጉንዳኖች ነበር፤ ይኸኛው ግን ባላገር ነው።

የዚህን ጉንዳን መልክ ለመግለጽ የሚነሣ ተርጓሚ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሰናከላል። ለነፍሳት የወጣው «ሦስት አጽቄ» የሚለው የሳይንስ ቃል ግሩም ፈጠራ ነው፤ ራስ፣ ደረትና ሆድ የሚባሉትን ሦስት የአካል ክፍሎች በስሙ ውስጥ ይዟል። በጉንዳን አካል ላይ ግን ለዓይን የሚታየው አከፋፈልና እውነተኛው አከፋፈል አይገጥሙም። ደረት የሚመስለው ክፍል የሆድን የመጀመሪያ ቀለበት ወደ ራሱ አዋሕዷል፤ ሁለተኛው የሆድ ቀለበት ጠብቦ ወገብ ሆኗል፤ በስተኋላ ድቡልቡል ሆኖ የሚታየው የቀረው ብቻ ነው። የጉንዳን ሊቃውንት ስለዚህ ነገር «ደረት» እና «ሆድ» ማለትን ትተው ለመካከለኛውና ለኋለኛው ክፍል ሌላ ቃል ይጠቀማሉ። በአማርኛም «መካከለኛ አካል»፣ «ወገብ» እና «የኋላ አካል» ብንል ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። እንዲሁ በደፈናው «ሆድ» ብሎ መተርጎም ግን ወገቡን ከሆድ ያስወጣዋል፤ እውነቱም ይጣመማል።

በእነዚህ ቃላት ሲገለጽ የዚህ ጉንዳን ወገን መለያዎች የሚከተሉት ናቸው። ሠራተኛዋ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ናት። መዳሰሻዋ እንደ ማንኛውም ጉንዳን ክርን ሠርቶ የሚታጠፍ ሲሆን በ11 አንጓዎች የተሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ዘመዶቿ 12 ነው። የመካከለኛው አካል የኋላ ጫፍ ጥንድ ጥርስ ወይም ጥንድ ጉብታ አለው። ወገቧ አንድ አንጓ ብቻ ነው፤ ከላዩም ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ ገበታ ይታያል፤ የገበታው አናት ሁለት ሹል ጫፍ ያወጣል ወይም መካከሉ ይጎደጉዳል። መናደፊያ የላትም፤ በምትኩ በኋላ አካሏ ጫፍ ካለችው ክብ ቀዳዳ አሲድ ትረጫለች። ያ አሲድ «ፎርሚክ» የተባለው ጉንዳን በላቲን «ፎርሚካ» ስለሚባል ነው፤ በአማርኛ «የጉንዳን አሲድ» ብንለው ከስሙ ምንም አይጎድልበትም።

ከላይ «ስስ ገበታ» ያልነውን የውጭ መጻሕፍት የዓሣን ቅርፊት በሚጠሩበት ቃል ይጠሩታል። ተርጓሚው ቃሉን አይቶ «ቅርፊት» ቢል አንባቢው በጉንዳኑ ገላ ላይ ሁሉ የተነጠፈ ነገር ያስባል፤ ከአካሉ ሳይሆን ከቃሉ የመተርጎም ጉዳት ይህ ነው። የወገኑ የቀድሞ ስም «አካንቶሌፒስ» ነበር፤ በግሪክኛ «እሾሃም ቅርፊት» እንደማለት ነው፤ የተወሰደውም ከዚሁ ገበታ ነው። ስሙ የተለወጠው ሌላ እንስሳ አስቀድሞ ይዞት ስለተገኘ ነው። በእንስሳት አሰያየም ሕግ ሁለት ወገኖች አንድ ስም ሊይዙ አይችሉም፤ ቀድሞ የተሰየመው ይጸናል፤ ኋለኛው ሌላ ስም ይፈለግለታል። «ካኔሴንስ» የሚለው የዝርያው ስም ደግሞ በላቲን «የሚሸብት» ማለት ነው። ለዚህ ጉንዳን የአማርኛ ስም ይውጣለት ቢባል «ሸበቶ ገብረ ጉንዳን» ከሳይንሱም ከቋንቋውም የማይጣላ ስም ይሆን ነበር።

ሐ. ምደባው

በምደባ ረገድ ሁለት ቃላት ሂስ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያው «ዝርያ» ነው። በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እየተባሉ ይወርዳሉ። በግብርና አማርኛ ግን «የስንዴ ዝርያ»፣ «የወሎ በግ ዝርያ» ይባላል፤ የወሎም የመንዝም በግ በሳይንስ አንድ ዝርያ ሆነው ሳሉ ማለት ነው። አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ደረጃዎችን ሲይዝ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚለው ዜና ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም፤ በጣቢያ ተዳቅሎ የወጣ ዘር ነውን ወይስ ከዚህ ቀደም በሳይንስ ያልታወቀ ፍጡር? «ዝርያ»ን ለሳይንሱ ደረጃ ትቶ በአንድ ዝርያ ውስጥ ላለው ልዩነት «ዘር» ወይም «ዓይነት» ማለት ግራ መጋባቱን ይቀንሳል። ከእንስሳት አሰያየም ሕግ የምንማረውም ይኸው ነው፤ በአንድ የሙያ መስክ ውስጥ ለሁለት ነገር አንድ ስም አይገባም።

ሁለተኛው ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፊሊፕ ስክሌተር በ1858፣ አልፍሬድ ዋላስም በ1876 እ.ኤ.አ. ዓለምን በእንስሳት ስርጭት ሲከፋፍሉ ከሰሐራ በስተደቡብ ያለውን አፍሪካ «የኢትዮጵያ ክልል» አሉት። ቃሉ ከጥንታውያን ግሪኮች አጠራር የመጣ እንጂ የዛሬይቱን ኢትዮጵያ ለብቻዋ የሚያመለክት አልነበረም። ዊልያም ሞርተን ዊለር በ1922 እ.ኤ.አ. ከኮንጎ ጉዞ ጥናት ጋር ያሳተሙት የጉንዳን ዝርዝር «የኢትዮጵያ ክልል» ጉንዳኖችን የያዘ ነው፤ የባሪ ቦልተን የ1980 እ.ኤ.አ. ጥናትም በዚሁ ስም ይጠቀማል። ክሮስኪና ዋይት በ1977 እ.ኤ.አ. «የአፍሪካ ሐሩር ክልል» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አቅርበው ነበርና ውሎ አድሮ ተቀባይነት ያገኘው እርሱ ነው። እነዚያን የቀድሞ መጻሕፍት የሚተረጉም ሰው ይህን ካላወቀ የኮንጎን፣ የጋናንና የደቡብ አፍሪካን ጉንዳኖች ሁሉ ኢትዮጵያውያን ያደርጋቸዋል። አንባቢው በኩራት ይቀበለዋል፤ ዕውቀቱ ግን ሐሰት ነው። ትክክለኛው አተረጓጎም «ከሰሐራ በስተደቡብ ያለው የአፍሪካ ክልል (በቀድሞ አጠራሩ የኢትዮጵያ ክልል)» ብሎ በመጀመሪያው ቦታ ላይ መግለጽ ነው።

መ. የተርጓሚው ወጥመዶች

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ነጭ ጉንዳን» የሚለው ነው። እንግሊዞች በቅኝ አገሮቻቸው ምስጥን ሲያዩ በለመዱት ስም «ነጭ ጉንዳን» አሉት፤ ያ አጠራር በልማድ ጸና። አማርኛ ግን ለምስጥ የራሱ ጥንታዊ ቃል አለው። ቃሉ እያለው በትርጉም «ነጭ ጉንዳን» የሚል አዲስ ፍጡር መፍጠር ያለንን መጣል ነው። ከዚያም አልፎ ሳይንሱን ያፋልሳል። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ሲሆን፣ ምስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የዘር ምርምር እንዳጸናው የበረሮ ወገን ነው። በአካልም ይለያሉ። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ መዳሰሻው የታጠፈ ነው፤ ምስጥ ወገብ የለውም፤ መዳሰሻው ቀጥ ያለ ዶቃ ይመስላል። ጉንዳን በዕጭና በሙሽሬ በኩል ያልፋል፤ ምስጥ ግን ሙሽሬ የለውም። የጉንዳን ሠራተኞች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ የምስጥ ሠራተኞች ወንድም ሴትም ናቸው፤ ከንግሥቲቱም ጋር ንጉሡ ይኖራል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ምስጥን ለማጥፋት የተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ «ጉንዳን» ተብሎ ከተተረጎመ ገበሬው ሌሎች ተባዮችን እያደነ የሚበላለትን ጉንዳን ገድሎ ምሰሶውን የሚበላውን ምስጥ ይተወዋል። ገንዘቡ ይባክናል፤ መሬቱ መርዝ ይጠጣል፤ ባላጋራው ግን በኩይሳው ውስጥ እንዳለ ይኖራል።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። አብረው የሚኖሩ ጉንዳኖችን ማኅበር የሚገልጸውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቅኝ ግዛት» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያስቃል። የንብ ሙያተኞች «ኅብረ ንብ» የሚል መልካም ቃል አላቸውና በዚያው አምሳል «ኅብረ ጉንዳን» ማለት ይቻላል፤ በገላውዴዎስ የተገኘውን የመሰለውም «ታላቅ ኅብረ ጉንዳን» ይባል። በሰልፍ የሚዘምተውን የጉንዳን ዓይነትና በአንድ ኅብረ ጉንዳን ውስጥ ለመከላከያ የተመደበውን ባለ ትልቅ ራስ ክፍል ሁለቱንም «ወታደር ጉንዳን» ማለትም ተገቢ አይደለም፤ የመጀመሪያው «ዘማች ጉንዳን» ቢባል፣ «ወታደር» ለሁለተኛው ይቀራል።

በዚህ ረገድ ስለ ጾታ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአገራችን ንብ አርቢ የንብ እናት የሆነችውን «አውራ» ይላታል፤ ወንዱን «ድንጉላ» ይለዋል። «አውራ» የአለቅነት ስም እንጂ የጾታ ምስክር ስላልሆነ፣ አዘጋጁ ቃሉን ከመሻር ይልቅ «እንቁላል የምትጥለው እናት ንብ» ብሎ በፍቺው ውስጥ ሊያስረዳ ይገባዋል። በአንጻሩ አማርኛ ትንንሽ ነገሮችን በአንስታይ ጾታ የመጥራት ጠባይ ስላለው፣ ተናጋሪው ጉንዳኗን «ተሸክማ ሄደች» ሲል ሳያውቀው ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል፤ ተሸክማ የምትሄደው በእርግጥ ሴት ናትና።

ሠ. ስሙ የተናጋሪው፣ ፍቺው የአካሉ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ አንድ ነው፤ የመግቢያው ቃል የተናጋሪው ነው፤ ፍቺው ግን በአካሉ ይመሠረት። ለዚህም በደንቆሮ ደን ውስጥ ሁለት ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው ቀይ ቀበሮ ነው። የሳይንስ ሊቃውንት እንስሳውን ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ቅርብ ሆኖ አግኝተውታል፤ በእንግሊዝኛም ዛሬ የሚበዛው አጠራር ይህንኑ የተከተለ ነው። እኛ ግን «ቀይ ቀበሮ» የሚለውን ስም የምንሽርበት ምክንያት የለም፤ ዝምድናውን የምናስረዳበት ቦታ ፍቺው ነው። ሁለተኛው ጭላዳ ነው። ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለዚህ እንስሳ የሳይንስ ስም ሲያወጡ የአገሩን ስም ወስደው «ጌላዳ» አሉት። ስሙ ከደገኛው አፍ ወጥቶ በዓለም መጻሕፍት ገባ እንጂ ከመጻሕፍት ወደ ደገኛው አልመጣም።

በዚሁ መመዘኛ አራቱ መግቢያዎች በአጭሩ እንዲህ ሊፈቱ ይችላሉ።

ጉንዳን፦ 1. ወገቡ የቀጠነ፣ መዳሰሻው ክርን ሠርቶ የታጠፈ፣ ንግሥትና ሴት ሠራተኞች ያሉት፣ በኅብረት የሚኖር፣ የንብና የተርብ ዘመድ የሆነ ሦስት አጽቄ። 2. (በጠባቡ) ከእነዚህ ውስጥ በሰልፍ የሚሄደውና የሚነክሰው ትልቁ ዓይነት።

ገብረ ጉንዳን፦ ትንሹ የጉንዳን ዓይነት፤ ቀለብ በመሰብሰቡ በምሳሌ የሚነሣ።

ምስጥ፦ ገላው ልስልስ፣ ወገብ የሌለው፣ መዳሰሻው ቀጥ ያለ፣ እንጨትና ደረቅ ሣር የሚበላ፣ የበረሮ ዘመድ የሆነ ሦስት አጽቄ፤ አንዳንዱ ዓይነት ኩይሳ ይሠራል። ጉንዳን አይደለም።

አሸን፦ ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ ከመሬት በብዛት የሚፈላ ነፍሳት፤ «እንደ አሸን ፈላ» በሚለው ፈሊጥ የታወቀ። አራቱ ክንፎቹ እኩል ከሆኑ የምስጥ፣ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ የሚበልጡ ከሆነ የጉንዳን ነው።

የመጨረሻው መግቢያ በተለይ አስቸኳይ ነው። ፈሊጡን በየቀኑ የሚናገር የከተማ ሰው አሸን ምን እንደሚመስል ቢጠየቅ የሚመልሰው ላያገኝ ይችላል፤ ፈሊጡ ሕያው ሆኖ ፍጡሩ ከቃሉ ተለይቷል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመስክ ሠራተኛው ከዓባይ ሸለቆ እስከ ደንቆሮ አፋፍ በየከፍታው ወጥቶና ወርዶ፣ ቃሉን ከተናጋሪው አፍ፣ ነፍሳቱንም ከነክንፉ በጠርሙስ ይዞ መመለስ ይኖርበታል። የተሰበሰበው ቃል ከናሙናው ጋር በአንድ ካርድ ላይ ሲመዘገብ ሁለቱ የገበያ ሰዎች «ምስጥ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው ወይም አለማለታቸው ይታወቃል፤ መዝገበ ቃላቱም በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይፈታል።